ጫማ በጉድጓዱ አፍ ላይ

ሚስቴ አንድ ነገር ቆርጣ ስትወስን ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ ዝቅ ታደርጋለች። ያን ዕለት ጠዋት ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጬ የእግሬን ጥፍር ስቆርጥ ከኋላዬ መጥታ፣ እኔ እንኳ በግድ በምሰማው ድምፅ፣ «ሰውዬ፣ ተነስና ሂድ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ላይ።»

ሞያሌ ውስጥ «ላይ» ሲባል ሰማይ ቤት ማለት አይደለም። በኔ ዕድሜ ላለ ሰው ግን ለአፍታ ያስደነግጣል። ላይ ማለት ወርቅ የሚቆፈርበት ኮረብታ ነው። በጎዶማ መንደር በኩል ወጥቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ መኪና እምቢ እስኪል ሄዶ፣ ከዚያ ሽቅብ ነው። የመጨረሻው ልጃችን እዚያ ጉድጓድ መቆፈር ከጀመረ ሰባት ወር ሆኖታል። ልጅ አልኩት እንጂ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አለው፣ በረዳትነት ናይሮቢ ድረስ ስንት ጊዜ ተመላልሷል። የሚነዳው መኪና ሲያጣ ነው መዶሻና መሮ ይዞ ወደ ላይ የወጣው።

አሁን መኪናው ተገኝቷል። አንድ ጎረቤታችን የጭነት መኪናውን የሚነዳለት ሰው ይፈልጋል፤ ልጃችንን መርጧል። የሚጠብቀው ግን እስከ ሰኞ ብቻ ነው። ሰኞ ካልመጣ ለሌላ ይሰጣል። ልጁ በስልክ ሲነገረው «አስብበታለሁ» ብሎ ዘጋ። እናቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

«ሄደህ ጉድጓዱን በዓይንህ እይ» አለችኝ። «የሚያስፈራ ከሆነ ይዘኸው ና። የማያስፈራ ከሆነ ማልልኝና እኔም ልተኛ። ሐሙስ ነው ዛሬ።»

«እኔ ስለ ጉድጓድ ምን አውቃለሁ?»

«ምንም አታውቅም። ግን ሌላ ሰው የለኝም» አለችኝ። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ እንዲህ ዓይነት ቃል እንደ ሙገሳ ነው የሚወሰደው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከኢትዮጵያ በኩል ለሚመጡ ሾፌሮች ጭነት በማገናኘትና በማስተርጎም ነው። አማርኛዬን ከእናቴና ከሾፌሮች ተማርኩት፤ ከእናቴ ጸሎቱን፣ ከሾፌሮቹ ስድቡን። በሁለቱም ጎበዝ ነኝ እላለሁ፤ ሚስቴ ግን በአንዱ ብቻ ነው የምትመሰክርልኝ።

የጉዞ ዕቃዬን ያሰርኩት በጀርባ በሚታዘል ትልቅ ሻንጣ ነው። ከዓመታት በፊት ዝናብ መንገድ ዘግቶበት እኛ ቤት ሁለት ቀን ያደረ የፈረንጅ መንገደኛ ነው ትቶልኝ የሄደው። ማሰሪያው ብዙ ነው። በትከሻ የሚታሰር አለ፣ በደረት የሚታሰር አለ፣ በወገብ የሚታሰር አለ፤ ለምን እንደሚያገለግሉ ፈጣሪና ፈረንጁ ብቻ የሚያውቋቸው ሌሎችም አሉ። ሚስቴ በቅቤ የተጠበሰ የግመል ሥጋ በጣሳ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ብርድ ልብስ ጨመረችበት። ሁሉንም ማሰሪያ አስሬ ስቆም የታሰረ ሌባ መሰልኩ። የጎረቤት ሴቶች ወጥተው አዩኝ። አንዷ፣ «ምዜ፣ ማነው የያዘህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ምዜ በኛ አገር ለሽማግሌ የሚሰጥ ክብር ነው፤ አንዳንዴ ክብሩ ወልቆ ስሙ ብቻ ይቀራል።

እስከ ኮረብታው ግርጌ የሄድኩት የሽንኩርት ከረጢትና የውኃ ጀሪካን በጫነ መኪና ላይ ነው። ከጭነቱ አናት ተቀመጥኩ። ጎዶማን አለፍን፤ ፍየሎቹ ከመንገዱ አንነሳም ብለው ሾፌሩን ካሰደቡት በኋላ ቀይ አቧራማው ሜዳ ተዘረጋ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ምዜ፣ በዚህ ዕድሜህ ወርቅ ልትቆፍር ነው?» አለኝ።

«አይ፣ የተቆፈረ ካለ ቦታ ልይዝ ነው» አልኩት።

መኪናው ከቆመበት ሞተር ሳይክል ወሰደኝ። ቦዳቦዳው፣ የሞተሩ ነጂ፣ ግማሽ መንገድ እንደወጣን አቆመና «ካሁን በኋላ ወይ አንተ ትወጣለህ ወይ ሞተሩ፣ ሁለታችሁ አንድ ላይ አትወጡም» አለኝ። ሞተሩ ወደ ታች ተመለሰ። እኔ ወጣሁ። ዘጠኝ ጊዜ አረፍኩ። ባረፍኩ ቁጥር ሰው ካለፈ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ሜዳውን አሻግሬ አያለሁ፤ እንዲያው መልክዓ ምድር የሚወድ ሰው ነው እንዲሉኝ። በርግጥም ያምራል። ሜዳው እንደ ደረቀ ቆዳ ተዘርግቶ፣ ርቆ ርቆ አንድ የጭነት መኪና አቧራ ይዞ ሲሄድ ይታያል። አየሩ ግን ቀጭን ነው፤ ስስበው የሚመጣልኝ ግማሹ ብቻ ነው።

አናት ላይ ስደርስ ከተማ አገኘሁ። ከተማ ካልነው። የላስቲክና የቆርቆሮ ጎጆ፣ ስልክ የሚሞላበት ቤት፣ ጫት የሚሸጥበት ጥላ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ የድንጋይ ወፍጮ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ ቦረናው፣ ቡርጂው፣ ሶማሌው፣ ከወዲያ ማዶ የመጣው፣ ሁሉም አመድ። ልጄን የለየሁት በአረማመዱ ነው፤ የኔኑ አረማመድ ሳይሆን የናቱን ስለሚሄድ።

«አባዬ?» አለ ቆሞ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ልጎበኝ ነው የመጣሁት።»

ሻንጣዬን አየ። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አየ። «እማዬ ናት የላከችህ» አለ።

«እኔም የራሴ ሐሳብ ነበረኝ።»

«ሰኞን ነግራሃለቻ።»

«ጠቅሳዋለች» አልኩ። ሳቀ። ያን ምሽት የግመሉን ሥጋ ከጓደኞቹ ጋር ጨረሱት፤ እኔም ከፀሐይ ጋር ተኛሁ።

በማግስቱ ልጄ እንደ ባለሥልጣን አስጎበኘኝ። ወፍጮውን አሳየኝ፤ ድንጋዩ ገብቶ እንደ ዱቄት ይወጣል። ሴቶቹ ዱቄቱን በሳፋ እያጠቡ ወገባቸውን እንደ ዳንስ ሲያወዛውዙት አየሁ። አንዷ ሳፋው ሥር የቀረውን ደለል አዘንብላ በጣቷ ነካችና አሳየችኝ፤ ከሽንብራ ቅርፊት የማይበልጥ ቢጫ ነገር። «ይኼ ነው?» አልኩ። «ይኼ ነው» አለች። ሰባት ወር ልጄን የወሰደብኝን ነገር በመነጽርም አጥብቄ መፈለግ ነበረብኝ።

ከዚያ ወደ ጉድጓዳቸው ሄድን። አፉ የአንድ ትንሽ ክፍል በር ያህላል። በላዩ አግዳሚ ግንድ አለ፤ ገመዱ እሱ ላይ ይጠቀለላል። ወደ ታች የሚወርድ የላስቲክ ቱቦ አለ፤ ጀኔሬተሩ በሱ በኩል አየር ይነፋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ገመዱ አጠገብ ተቀምጧል። የጠዋቱ ገመድ ያዥ እሱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ይተካዋል። ገመዱ አንድ ነው፣ ጉድጓዱ ግን ሁለት፤ አንዱ ባዶ ሲሆን ገመዱ ተፈትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ባዶው በቆርቆሮ ይከደናል፣ ከብት እንዳይገባበት።

«መውረድ እፈልጋለሁ» አልኩ። እናቱ በዓይንህ እይ ብላኛለች፤ ከላይ ሆኖ ጨለማ ማየትማ ቤቴም እችላለሁ።

ልጄ ገመድ ያዡን አየው። ገመድ ያዡ እኔን አየኝ፤ በተለይ ሆዴን። «ገመዱ ይችለዋል» አለ በመጨረሻ። «ጫማህን አውልቅና እዚህ አስቀምጥ፣ አፍንጫው ወደ ውጭ። ግድግዳው ላይ የእግር መርገጫ አለ፣ በባዶ እግር ነው የሚያዘው። ስማኝ ምዜ፤ እኛ እዚህ የምንቆጥረው ሰው አይደለም፣ ጫማ ነው። ሰው ይዋሻል፣ ሰው ሳይናገር ይሄዳል። ጫማ ካለ ታች ሰው አለ። ጫማ ከሌለ ታች ሰው የለም። ተግባባን?»

«በሚገባ» አልኩት። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ገመዱ ብብቴ ሥር የት ጋ እንደሚያልፍ ነበር። ቃሉን ሰማሁት፤ ግን ሰላምታ እንደሚሰማው ነው የሰማሁት።

ልጄ ጫማውን አወለቀ። አዲስ ቡትስ ነው፤ ከመጀመሪያ ወርቁ የገዛው፣ ማታ ማታ በጨርቅ የሚወለውለው። ከኔ ጫማ አጠገብ አሰለፈውና ገመዱን ይዞ እንደ ዝንጀሮ ወረደ። እኔን እንደ ጤፍ ከረጢት አወረዱኝ።

ስለ ታቹ ብዙ አልልም። ሞቃት ነው፣ ጠባብ ነው፣ የሰው ላብና የድንጋይ ዱቄት ይሸታል። ልጄ ግንባሩ ላይ ባሰረው ባትሪ ግድግዳውን እያበራ አሳየኝ። ግንዶቹ አፈሩን ደግፈው በሥርዓት ቆመዋል። «ይኼን እኔ ነኝ ያቆምኩት» እያለ አንድ በአንድ ነካቸው። ዳሰስኳቸው። ጠንካራ ናቸው። በቀኝ በኩል፣ በጉልበትና በክርን የሚገባበት ጠባብ ዋሻ ቀጠለ፤ እዚያ አልገባሁም፤ ሆዴም አልፈቀደልኝም። የፈራሁት አፈሩ ይናዳል ብዬ አልነበረም። የፈራሁት ልጄ እዚያ ውስጥ እንዴት ደስ ብሎት እንደሚንቀሳቀስ አይቼ ነው። ቤቱ ነው። ሰው ከቤቱ በምን ይጠራል?

«አባዬ፣ አንተ ውጣ» አለኝ ትንሽ ቆይቶ። «እኔ ሁለት ከረጢት ሞልቼ እመጣለሁ። ሻይ ቤት ጠብቀኝ።»

ረጅሙ ሰው ስቦ አወጣኝ። ገመዱን ለልጄ መልሶ አወረደና «ተረኛዬ እየመጣ ነው» ብሎ ወደ ምሳው ሄደ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ጫማዬን አደረግሁ፤ ሻንጣዬን አነሳሁ። ያን ጊዜ የልጄን ቡትስ አየሁት።

እዚህ ላይ ማንያታን የሚያውቅ ይፍረደኝ። በመስጊድ ደጃፍም ሆነ በለቅሶ ቤት ደጃፍ ጫማ ትቶ የገባ ሰው፣ ሲወጣ ምን እንደሚያገኝ የሚያውቀው ዕድሉ ብቻ ነው። ሁለት ግራ እግር አድርጌ ቤቴ የገባሁበት ቀን አለ። ስለዚህ ብልህ ሰው ጫማውን በፌስታል ይዞ ይገባል። ልጄ ደግሞ አዲስ ቡትስ፣ ሰው በማይጠብቀው ሜዳ ላይ፣ ከመላው አፍሪካ ቀንድ የተሰበሰበ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ዳር ትቶ ወርዷል! «ይኼ ልጅ እናቱን ነው የመሰለ፣ ሰው ያምናል» አልኩ በሆዴ። ቡትሱን አቧራውን አራግፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ማሰሪያዎቹን በሙሉ አሰርኩ።

ሻይ ቤቱ መንገድ ላይ አንድ አጭር፣ ደልደል ያለ ሰው አገኘሁ። የከሰዓቱ ገመድ ያዥ መሆኑን ከእጁ አወቅሁ፤ መዳፉ ተልጧል። እንደ አገራችን ወግ ቆመን ተጠያየቅን። ዝናቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ሞያሌ እንዴት ነው።

«ልጅህስ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።

ተመሰጋግነን ተላለፍን።

ሻይ ቤቷን የምታስተዳድረው ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ናት፤ ሁሉም ማማ ይላታል። ሁለት ሻይ በወተት አዘዝኩ፤ አንዱን ለልጄ። ስለ መውረዴ ለተቀመጡት አወራሁ። ጥልቀቱን ትንሽ ጨመርኩበት። ሁለተኛ ጊዜ ሳወራው ሌላ ትንሽ ጨመርኩ። የልጄ ሻይ ቆዳ ያዘ። ማማ አንስታ ደፋችውና ሌላ ቀዳች፤ እሱም ቆዳ ያዘ።

«ልጅህ የት ሄደ?» አለችኝ።

«እየመጣ ነው። ሁለት ከረጢት ነው የቀረው።»

ያን ጊዜ አጭሩ ሰው ገባ። ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎታል።

«ልጄ ወጣ እንዴ?» አልኩት።

«ከጉድጓዱ? ከመምጣቴ በፊት ወጥቷል እንጂ። ባዶ ነው። ጫማ የለም። ከድኜው፣ ጀኔሬተሩንም አጥፍቼ መጣሁ።»

የሻንጣዬን ማሰሪያ ለመፍታት ሞከርኩ፤ አንዱ ሲፈታ ሌላው ይጠብቃል። ማማ በቢላ በጠሰችው። ቡትሱን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አጭሩ ሰው ቡትሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ገመዱን ይዞ ሮጠ። የተቀመጡት ሁሉ ተነስተው ሮጡ። እኔም ሮጥኩ፤ መሮጥ ካልነው።

ስደርስ ቆርቆሮው ተነስቷል፣ ጀኔሬተሩን አንድ ሰው ሊያስነሳው እየታገለ ነው። አጭሩ ሰው በሆዱ ተኝቶ ወደ ታች ተጣራ። ጸጥታ ነበር። ያ ጸጥታ ምን ያህል እንደቆየ እስከ ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሁለት ጊዜ ለመተንፈስ የሚበቃ ይመስለኛል፤ እኔ ግን አልተነፈስኩም። ከዚያ ከታች፣

«ምነው፣ ሻይ አለቀ እንዴ?» አለ ድምፁ።

ስበው አወጡት። ፊቱ በላብ ታጥቧል፤ ደረቱ ከልክ በላይ ይነሳል ይወድቃል። ባትሪውን እንዳያልቅ አጥፍቶት ነበር፤ ብርሃኑን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። ውኃ ሰጡት። ጠጣ። ቡትሱን በሁለት እጄ ይዤ ፊቱ ቆምኩ፤ ማን እንደወሰደው መናገር አላስፈለገኝም።

«አባዬ» አለ።

«እንዳይሰረቅብህ ብዬ ነው።»

የሆነ ሰው ሊስቅ ሞከረና ተወው። ልጄ ቡትሱን ተቀብሎ መሬት ላይ ተቀምጦ አሰረው፤ ቀስ ብሎ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። «ድንጋዩ አላስፈራኝም» አለ ሳያየኝ። «ገመዱ ወደ ላይ ሲሄድ ሰማሁት፣ ጮህኩ፣ ጀኔሬተሩ ይጮኻል። ከዚያ ጀኔሬተሩ ዝም ሲል ቆርቆሮው ተከድኖ ነበር። ማን ይፈልገኛል ብዬ አሰብኩ። አንተ ወሬ ላይ መሆንህን አውቅ ነበር። እማዬ ብቻ ናት በሐሳቤ የመጣችው። እሷ ደግሞ ሞያሌ ናት።»



ረጅሙ ሰው ከምሳው ተመልሶ ነገሩን ሰማ። አልጮኸብኝም። የነሱ ሥርዓት እንዲህ ነው፤ የሌላን ሰው ጫማ ከጉድጓድ አፍ ያነሳ፣ በማግስቱ ጫማ ይጠብቃል። ከጠዋት እስከ ማታ፣ እሱ ራሱ በባዶ እግሩ። «ሽማግሌ ነው» ብሎ አጭሩ ሰው ሊያስቀርልኝ ሞከረ። «ሽማግሌ ጫማ መጠበቅ አያቅተውም» አለ ረጅሙ። እኔም ተስማማሁ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተቀመጥኩ። አምስት ጥንድ ጫማ ፊት ለፊቴ፣ ቡትሱም አለበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ ትኩረት አድርጌ የማውቀው ነገር የለም። ዝንብ ሲያርፍባቸው እንኳ እቆጥራቸው ነበር። ልጄ ያን ጠዋት እንደገና ወረደ፤ አልከለከልኩትም። ምን አፍ አለኝ? ጉድጓዱ የሚያስፈራ መሆኑን ልመሰክር መጥቼ፣ ጉድጓዱ ላይ ከደረሰው ነገር ሁሉ የሚያስፈራው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልክ የሚይዝበት ቋጥኝ ላይ ወጥቼ ለሚስቴ ደወልኩ። መንገድ ላይ ሌላ ታሪክ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ታሪክ ነበር፣ ጥልቀቱም ልክ ነበር። ድምጿን ስሰማ ጠፋብኝ።

«ጉድጓዱ እንዴት ነው?»

«ጉድጓዱ ደህና ነው። ግንዶቹን ዳስሻለሁ። ሰዎቹም ደህና ናቸው። መጥፎው እኔ ነኝ።»

«እሱን አውቃለሁ። ስለ ጉድጓዱ ንገረኝ።»

ነገርኳት። ሁሉንም፤ ቡትሱን፣ ሻዩን፣ ቆርቆሮውን። በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ፣ «ስጠው» አለችኝ። ልጄ ከቋጥኙ ሥር ነበር። ስልኩን ተቀብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ብዙም አልተናገረም፤ «እሺ» ሲል ሰማሁ፣ «አይ፣ አላመመኝም» ሲል ሰማሁ፣ አንድ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁ። ስልኩን መለሰልኝ።

«ነገ አብሬህ እወርዳለሁ» አለ።

«ለኔ ብለህ ከሆነ...»

«ላንተ ብዬ ነው» አለ። «አንተን ብቻህን መንገድ ላይ መልቀቅ ከጉድጓዱ የባሰ አደጋ ነው።»

«ከዚያስ? ትመለሳለህ?»

ሄዶ መዶሻውንና መሮውን ለረጅሙ ሰው ሲሰጠው አየሁ፤ በአደራ ይሁን በስጦታ አልጠየቅሁም።

እሑድ ወረድን። ግርጌው ላይ ባዶውን ወደ ሞያሌ የሚመለስ መኪና አገኘን። እኔ መሐል፣ ልጄ መስኮቱ ጋ፣ ሾፌሩ መሪው ላይ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን እየረገጠ ይወርዳል፤ የተቃጠለ ሽታ ገባ። ልጄ ዓይኑን ከማርሹ ላይ አላነሳም። እጁ ጉልበቱ ላይ ሳያውቀው ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ቻለ፣ ከዚያ አልቻለም።

«ወንድሜ፣ በሁለተኛ ማርሽ ነው እዚህ የሚወረደው። ፍሬኑን ተወው።»

ሾፌሩ ገላመጠው። «አንተ ሾፌር ነህ?»

እኔ መንገዱን አየሁ። አፌን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ፤ ለኔ ትልቅ ሥራ ነው።

«ከነገ ጀምሮ» አለ ልጄ።

ሾፌሩ ማርሹን ቀየረ። መኪናው ተረጋግቶ ወረደ።